ዛሬ ነገ ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ነገር አያሽሞነሙንም። የሚፈልገውን በአደባባይ ይጠይቃል፣ ያልፈለገውን በአደባባይ እምቢ ይላል፣ ከዚያ አብሮ ቁጭ ብሎ ይስቃል። «እርስዎ» የሚባለው ቃል እንኳ ከደጋ በባቡር መጥቶ ሙቀቱን ስላልቻለው በዚያው ባቡር ተመልሷል፤ እዚህ ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ ሐኪሙም በሽተኛውም «አንተ» ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ሰባ አራት ዓመት የኖረ ሰው በዕድሜው አንዲት ጠማማ ቃል ቢናገር ቃሏ አትለቀውም። ወልደጻድቅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ወልደጻድቅ የድሮው ባቡር ቲኬት ሻጭ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ከአንዲት ጠባብ መስኮት ኋላ ተቀምጦ የከተማውን ሰው እጅ ሲያይ ኖሯል፤ ፊቱን የሚያየው ጎንበስ ያለለትን ሰው ብቻ ነው። ባቡሩ ሥራ ማቆሙን የሚገልጸው ወረቀት የደረሰው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና እንደ ወትሮው መስኮቱን ከፈተ። እጁ ለምዶ ነው። ወዲያው ተሻለች መጣች። ተሻለች ሁለት ቤት አልፋ የምትኖር ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ ናት፤ ለጉልበቷ ፍል ውሃ ልትገባ ወደ ኤረር መሄድ ፈልጋለች። ጎንበስ ብላ አየችው። እሱም ቲኬት ቆርጦ ሰጣት። «መቼ ነው የሚነሳው?» ስትለው አፉ ከእሱ ጋር ሳይማከር «ነገ ነይ» አለ።

በነጋታው መጣች። መስኮቷ ተዘግታለች። ቀጥ ብላ ቤቱ ሄደችና በሩን አንኳኳች።

«ዛሬ ነገ ነው?» አለችው።

«አይደለም» አላት።

«እሺ» ብላ ሄደች።

ይኸው አስራ ስድስት ዓመት ሆነ፤ ተሻለች በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ይህንኑ ትጠይቀዋለች። ኤረር በአውቶቡስ እንደሚኬድ ሰው ሁሉ ነግሯታል። «ቲኬት ቆርጬ በአውቶቡስ ልሂድ? አብጃለሁ?» ትላለች። ቲኬቱ መነጽር ማኅደሯ ውስጥ ነው ያለው፤ መነጽሯን ባወጣች ቁጥር ብቅ ይላል። ሰፈሩ በዚህ ነገር መሳቅ ከጀመረ ቆይቷል። ወልደጻድቅም አብሮ ይስቃል፤ በሩን ከዘጋ በኋላ ግን ያፍራል። ሚስቱን ከቀበረ ሃያ ዓመቱ ነው፣ ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ ጡረታው ትበቃዋለች። ከዚህ ዓለም የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነው፤ ሳይሞት አንድ ጠዋት በሩን ከፍቶ፣ ሴትዮዋን ዐይን ዐይኗን እያየ «አዎ፣ ዛሬ ነገ ነው» ማለት።

እንግዲህ ደብዳቤው የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ያመጣው አብዲቃድር ነው፤ የአሮጌው ጣቢያ ግቢ ጥበቃ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ላቡ በአንገቱ እየወረደ ገባ።

«ወልዴ፣ የውጭ አገር ደብዳቤ ነው። ለጣቢያው ኃላፊ ይላል። ኃላፊ የሚባል የለንም፣ እኔና ድመቷ ነን ያለነው። አንብበው አቦ!»

አብዲቃድር እንግሊዝኛ አቀላጥፋ የምትናገር ልጅ አለችው፤ ዊዳድ ትባላለች፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ላለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ታስተረጉማለች። ግን በዚያ ሳምንት ፋብሪካው ሥራ በዝቶበት ስለነበር ዊዳድን አባቷም በቅጡ አላያት። ደግሞም በከዚራ ሰፈር ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ የፈረንጅ ወረቀት የሚነበበው ወልደጻድቅ ዘንድ ነው። ወልደጻድቅ እንግሊዝኛ አያውቅም። ፈረንሳይኛ ነው የሚያውቀው፣ እሱንም ከባቡሩ ሰዎች የለቀመው የሀዲድ ፈረንሳይኛ ነው። ይሁን እንጂ ፈረንጆች ቃል እንደሚዋዋሱ አሳምሮ ስለሚያውቅ እንግሊዝኛ ማለት በእሱ ቤት ልጓሙን የጣለ ፈረንሳይኛ ነው።

መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋ። ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ አደረገ።

«ምንድን ነው? ሰው ሞተ?» አለ አብዲቃድር።

«ኡቬርቲዩር» አለ ወልደጻድቅ በሹክሹክታ።

«እሱ ማነው?»

«መክፈቻ! መክፈቻ ማለት ነው። የመስመሩ መክፈቻ! ታንታቲቭ ይላል ከፊቱ፤ ሙከራ ማለት ነው። የሙከራ መክፈቻ!»

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነበር። ቀጥሎ «አፕሮች» የሚል አገኘ፤ ይኸ የሀዲድ ቃል ነው፣ ባቡር ወደ ጣቢያ ሲቃረብ የሚባል። «እየተቃረበ ነው ይላል» አለ። ቀጥሎ «ፊለርስ» የሚል ነበር። ፊል በፈረንሳይኛ ሽቦ ነው፤ የጣቢያው የቴሌግራፍ ሽቦ ሊቀጠል ነው ማለት ነው። ቀጥሎ «ትራያል ባሉን» ይላል፤ ባሉን ፊኛ መሆኑ ግልጽ ነው፣ ያለ ፊኛ የሚከፈት ነገር ደግሞ የለም። «ሳውንድ» የሚለውን አብዲቃድር ራሱ ተረጎመው፤ ልጁን የዳረ ሰው ሳውንድ ሲስተም ምን እንደሆነ ያውቃል። መጨረሻው ላይ ቀን ተጽፏል፤ ሐሙስ፣ ጠዋት። ከታች ስሙን የፈረመው ሰው ሚስተር ፔምብሪ ይባላል።

«ዋሪያ!» አለ አብዲቃድር ጭንቅላቱን ይዞ። «ባቡሩ ሊመጣ ነው!»

«ለማንም እንዳትናገር። የሙከራ ነው።»

«ወላሂ አልናገርም» ብሎ አብዲቃድር ወጣ። የማለውን ያህል ጠብቋል ማለት ይቻላል፤ የነገረው ለሚክዳድ ብቻ ነው። ሚክዳድ ግን ባጃጅ ነጂ ነው፣ ከከዚራ ሳቢያን ደርሶ እስኪመለስ ስምንት ሰው ያጓጉዛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ የደቻቱን ወንዝ የተሻገረው ወሬ ባቡሩ መነሳቱን ብቻ ሳይሆን የት የት እንደሚቆምም ጨምሮ ነበር።

ወልደጻድቅ ግን ወሬውን አልጠበቀም። እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሸሚዙን ለውጦ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ በሩን ገና ሳይንኳኳ ከፍቶ ቆመ። ተሻለች ዳቦዋን እንደያዘች መጣች። የጸዳ ፊቱን አይታ ትንሽ ግራ ገባት።

«ዛሬ ነገ ነው?»

«ዛሬ አይደለም» አላት። ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገ ሐሙስ ነው።»

«ነገማ ሰኞ ነው።»

«የሰው ነገ ሰኞ ነው። ያንቺ ነገ ሐሙስ ነው።»

ተሻለች ዳቦውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ «እሺ» ያለ አንደበቷ አሁን «እሺ» ማለት አቃተው። «ሻንጣ ላዘጋጅ?» አለች ቀስ ብላ።

«አዘጋጂ» አላት። በሩን ከዘጋ በኋላ አላፈረም። ከዘመናት በኋላ በደስታ ብቻውን ሳቀ።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እንዲህ አለፉ። ወልደጻድቅ የድሮውን ቲኬት መብሻ ከሣጥን አውጥቶ በዘይት አሸው። አብዲቃድር በግቢው ከቆሙት አሮጌ ፉርጎዎች አንዱን፣ ሦስተኛ ማዕረጉን፣ በውሃ አጠበው፤ ድመቷን ከነልጆቿ አስወጣ። ፊኛ ተገዛ፣ ተነፍቶ ተሰቀለ፣ ሙቀቱ ግማሹን አፈነዳው፣ ሌላ ተገዛ። ሃዎ የምትባል የሽንኩርት ነጋዴ ወልደጻድቅን መንገድ ላይ አስቁማ «ፍየል ይጫናል ወይ?» ብትለው፣ ያለ አንዳች ማመንታት «በሁለተኛው ፉርጎ» አላት። ሁለተኛ ፉርጎ የለም። የድሮ ሥልጣኑ ግን ከነሙሉ ድምፁ ተመልሶለት ነበር።

ረቡዕ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዊዳድ ከፋብሪካው አውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ ወልደጻድቅ ቤት መጣች። ጠዋት ስትወጣ አባቷን ፊኛ ሲነፋ አይታ ነገሩን ጠይቃው ነበርና፣ ደብዳቤውን አሳየኝ ብላ ነው የመጣችው። ቆማ አነበበችው። ከዚያ ተቀምጣ ደግማ አነበበችው።

«አባባ ወልዴ፣ ይኼ ሰውዬ ምንም አልጠየቀም፣ ምንም አልተናገረም።»

«እንዴት አልተናገረም? ገጽ ሙሉ ጽፏል እኮ!»

«ገጽ ሙሉ የጻፈው መጠየቅ ይችል እንደሆነ ለመጠየቅ ነው።»

«ይጠይቃ!»

«እሱን ነው የሚጠይቀው። ልጠይቅ ወይ እያለ ነው።»

«ማን ከለከለው?»

«ማንም። እንግሊዝ ነው» አለች ዊዳድ፣ በቂ ማብራሪያ የሰጠች መስሏት። ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ፈረንጆቹ ዙሪያ ጥምጥም የሄዱበትን ለድሬ ሰው ማቅናት፣ የድሬ ሰው እንቅጩን የተናገረውን ለፈረንጆቹ ማለስለስ።

ወልደጻድቅ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ተከለ። «ኡቬርቲዩር ይላል። መክፈቻ!»

«በእንግሊዝኛው መክፈቻ አይደለም። ሰው በር ከመክፈቱ በፊት በጥፍሩ ጫር ጫር ሲያደርግ ማለት ነው። የከፈተለት ካለ ይገባል፣ ካልከፈቱለት እንዳልመጣ ሆኖ ይሄዳል።»

«ታንታቲቩስ?»

«ቁርጡ ያልለየለት። ብትፈልጉ እንዳልሰማችሁ ሁኑ እንደማለት።»

«አፕሮች? የሀዲድ ቃል ነው!»

«መጠጋት ነው። ግን ባቡር አይደለም የሚጠጋው፣ ሰውዬው ነው። ፊለር ደግሞ ሽቦ አይደለም፤ ጉንዳን በሁለት ጢሟ መንገዱን ትዳስስ የለ? እሱ ነው። ሳውንድ ማለት የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን አንኳኩቶ ማዳመጥ ነው፣ ሐብሐብ ስንገዛ እንደምናንኳኳው።»

«ፊኛው?» አለ ወልደጻድቅ በደከመ ድምፅ። «ፊኛው እንኳ ፊኛ አይደለም?»

«ፊኛው ፊኛ ነው» አለች ዊዳድ አዝና። «ግን ባዶ ነው። አንድን ሐሳብ እንደ ፊኛ ለቀህ፣ ሰው ይቆጣ እንደሆነ ከሩቅ ቆመህ ማየት ነው።»

ወልደጻድቅ በጣቱ ቆጠረ። ስድስት ቃል። ላልተጠየቀ ጥያቄ ስድስት ቃል ያወጣ ሕዝብ ምን ዓይነት ሥራ ፈት ነው? እንዲህ ያለ ሕዝብ እንዴት አድርጎ ያን ሁሉ አገር ገዛ?

«ይኼስ?» አለ የመጨረሻውን መስመር እያሳያት።

«ልጠይቃችሁ አስቤ ነበር፣ ነው የሚለው።»

«ነበር? ትቶታል ማለት ነው?»

«አልተወውም። በእነሱ ቋንቋ ‹ነበር› ትሕትና ነው። እየፈለገ ነው ‹ፈልጌ ነበር› የሚለው።»

«እና ሐሙስ ምን ሊያደርግ ነው የሚመጣው?»

«እሱን ገና አልጻፈውም» አለች ዊዳድ።

ወልደጻድቅ ወረቀቱን አጣጥፎ አስቀመጠ። ባቡር አልነበረም። የሙከራም አልነበረም። ለዚያች ሴት ሁለተኛ ጊዜ «ነገ» ብሏታል፣ ይኼኛው ደግሞ ከነቀኑ። ዊዳድ እንደሄደች ተነስቶ ወደ ተሻለች ቤት ሄደ። እውነቱን ሊነግራት ቆርጧል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ተሻለች ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሻንጣ ትዘጋለች፤ ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ከጎኗ ለመንገድ የሚሆን ዳቦና ብርቱካን በፌስታል ተቋጥሯል። ኤረር የብርቱካን አገር መሆኑን እያወቀች ብርቱካን መቋጠሯ አንጀቱን በላው።

«ተሻለች» አላት። «እ... ምናልባት... ማለት እንግዲህ... ሊሆንም ይችላል፣ ላይሆንም...»

ቀና ብላ አየችው። «ወልዴ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ልነግርሽ አስቤ ነበር።»

«ምን?»

«ፊኛዎቹ ቀይ ናቸው» አለና ተመለሰ። መንገዱን ሙሉ ራሱን ሲሰድብ ሄደ። ስድስቱንም የእንግሊዝ ቃላት አንድ ላይ ቢሰጡት ኖሮ ያን ሰዓት ሁሉንም በተጠቀመባቸው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የአሮጌው ጣቢያ ግቢ ሞላ። ሰው ከነሻንጣው፣ ከነፍራሹ፣ ከነማዳበሪያው መጥቷል። ሃዎ ሁለት ጆንያ ሽንኩርትና አንድ ፍየል ይዛ ሁለተኛውን ፉርጎ ትፈልጋለች። ሚክዳድ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ «ይኼ ባቡር ገበያችንን ሊዘጋው ነው» እያለ ይራገማል፤ ለማየት ግን ከሁሉም በፊት ነው የመጣው። አንድ የሠርግ ሳውንድ ሲስተም ተተክሎ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ቼክ» ይላል። ተሻለች ነጭ ለብሳ፣ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ፣ በድሮዋ የቲኬት መስኮት ፊት ለፊት ቆማለች። ወልደጻድቅ የደንብ ልብሱን ለብሶ ወጥቷል፤ ኮቱ ሆዱ ላይ አልዘጋ ስላለ መብሻውን በእጁ ይዞ ሆዱን በእሱ ሸፍኗል። ሊያመልጥ አስቦ ነበር። ግን ከድሬዳዋ ወዴት ያመልጣል? ባቡር የለም።

ሦስት ሰዓት ላይ ሚስተር ፔምብሪ መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊቱ በፀሐይ የተቀቀለ ሰውዬ ነው፤ በአንድ እጁ ኮፍያ፣ በሌላው ማስታወሻ ደብተር ይዟል። ሕዝቡን ሲያይ ወደ ኋላ ሊመለስ ቃጣው፣ ግን ሚክዳድ በሩን ዘግቶት ነበር። ጭብጨባ ተነሳ። ዊዳድ ከፋብሪካው ግማሽ ቀን አስፈቅዳ ከጎኑ ቆመች። ሰውዬው አጎንብሶ ለረጅም ጊዜ አንሾካሾከላት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። እንደገና አንሾካሾከ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል።

«ምን አለ?» አለች ሃዎ፣ ፍየሏ ትዕግሥቷን ስለጨረሰች።

ዊዳድ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለች። «ብዙ የማያስቸግር ከሆነ፣ ጊዜያችሁን የማይሻማ ከሆነ፣ እምቢ ብትሉም እንደማይቀየም እያረጋገጠ...»

«ኧረ አቦ፣ ፍሬውን!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ፉርጎው ውስጥ ትንሽ መቀመጥ ይፈልጋል።»

በዓለም ላይ ያሉ አሮጌ ፉርጎዎች ላይ እየዞረ መቀመጥ ነው የሰውዬው ሱስ፤ በአርባ አንድ አገር ተቀምጧል። ያ ሁሉ ደብዳቤ፣ ያ ሁሉ የጉንዳን ጢም፣ ለሩብ ሰዓት መቀመጥ ነበር።

«ሰው ለመቀመጥ ደብዳቤ ይጽፋል?» አለ አብዲቃድር ከልቡ ተቀይሞ። «ዋሪያ ግባ! ተቀመጥ! እንግዳ አይደለህ?» ክንዱን ይዞ አስገባው። እንግዳ ገብቶ ባለአገር ደጅ አይቆምም፤ ሕዝቡ ከነሻንጣው ተከትሎ ገባ። ሽንኩርቱ ገባ። ፍየሏም የሁለተኛ ፉርጎ መብቷን ትታ ሦስተኛ ማዕረግ ገባች። ተሻለች በመስኮት በኩል ቦታ ያዘች። ወልደጻድቅ መጨረሻ ላይ ገብቶ ከአጠገቧ ቆመ።

ተቀመጡ። አምስት ደቂቃ አለፈ። ሚስተር ፔምብሪ ዐይኑን ጨፍኖ በደስታ ወንበሩን በእጁ ይዳስሳል። የቀረው ተሳፋሪ ግን ለመቀመጥ አልመጣም።

«ጠይቂው» አለች ሃዎ ለዊዳድ። «ባቡሩ ይሄዳል አይሄድም? አንዱን ይንገረን!»

ዊዳድ ጠየቀችው። ሚስተር ፔምብሪ ዐይኑን ገለጠ። ሰባ ጥንድ ዐይን ይመለከተዋል፤ የፍየሏ ሲጨመር ሰባ አንድ። ሰውዬው በዕድሜው «አይሆንም» ብሎ አያውቅም። ምላሱን በጭንቅ አላወሰ።

«ምን አለ?»

ዊዳድ ታማኝ አስተርጓሚ ናት፤ የሰማችውን አንድም ሳታስቀር ተረጎመች። «ፈጽሞ የማይታሰብ ነው ለማለት አልደፍርም፣ ይላል።»

«ይቻላል ብሏል!» አለ አብዲቃድር ብድግ ብሎ። «እኔስ ለጽዳት ስፈልግ በየጊዜው እያስገፋሁት አይደለም እንዴ? ወጣ በሉ፣ ጉልበት ያላችሁ! ፍሬኑን ልቀቁ!»

ሃያ የሚሆን ወንድ ዘሎ ወረደ። ሚክዳድ፣ የባጃጆች ሁሉ ጠበቃ፣ ከፊት ሆኖ ትከሻውን ሰጠ። ድምፅ ማጉያው ዘፈን ለቀቀ። ፉርጎው መጀመሪያ አቃሰተ፣ ከዚያ አንድ ነገር ከሥሩ ቀጭ አለ፣ ከዚያ የጣቢያው ግድግዳ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ፊኛ ፈነዳ። ሚስተር ፔምብሪ በአርባ አንድ አገር ያልደረሰበት ነገር ደርሶበት በእንግሊዝኛ ጮኸ፤ ይህን ዊዳድ መተርጎም አላስፈለጋትም።

ተሻለች መነጽር ማኅደሯን ከፍታ ቲኬቱን አወጣች። ወረቀቱ ከመታሸት ብዛት ጨርቅ ሆኗል። ዘረጋችለት። ወልደጻድቅ መብሻውን አነሳና መልሶ አወረደው።

«ተሻለች፣ ያን ቀን ዋሽቼሻለሁ» አለ። «ነገ ነይ ስልሽ ነገ እንደሌለ አውቅ ነበር። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ይኼም ባቡር አይደለም፣ ሀዲዱ ከግቢው አጥር አያልፍም። ማታ ልነግርሽ መጥቼ አቃተኝ።»

ተሻለች በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። «የዚያው ወረቀት ሁለተኛ ቅጂ የጣቢያው በር ላይ ተለጥፎ ነበር» አለች። «ማንበብ እችላለሁ እኮ ወልዴ። አንብቤ ነው የገባሁት።»

ወልደጻድቅ ወደ እሷ ዞረ። «ባቡር እንደሌለ እያወቅሽ ቲኬት ለምን ቆረጥሽ?»

«ባቡር እንደሌለ እያወቅህ ለምን ሸጥክልኝ?»

ፉርጎው ይንቋቋል። ሽንኩርቱ ከአንዱ ጆንያ አምልጦ በወለሉ ላይ ይንከባለላል። ወልደጻድቅ አስራ ስድስት ዓመት በየጠዋቱ በሩ ላይ የቆመችውን ጥያቄ አሰበ። ሴትዮዋ ስለ ባቡር ጠይቃው አታውቅም። ያን ሁሉ ጠዋት ቆማ ሐብሐብ ነበር የምታንኳኳው፤ እሱ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን «አይደለም» እያለ በሩን ይዘጋባታል። በራሱ ደነዝነት እንባው መጣ።

«ተሻለች» አላት። «ልጠይቅሽ አስቤ ነበር።»

«ነበር? ትተኸዋል እንዴ?»

«አልተውኩትም!» ብሎ ጮኸ፤ የድሬዳዋ ሰው መሆኑ ትዝ ብሎት ነበር። «ታገቢኛለሽ ወይ?»

በዚያች ቅጽበት ዘፈኑ ስላለቀ ጥያቄው በፉርጎው ሙሉ ተሰማ። ሃዎ ፍየሏን አፏን ያዘች። የሚገፉት ሰዎች እንኳ መግፋቱን ትተው በመስኮት አንገታቸውን አሰገጉ፤ ፉርጎው በራሱ ጉልበት ጥቂት እርምጃ ተጉዞ በሀዲዱ መጨረሻ ያለውን መከታ ገጭ አድርጎ ቆመ። ሚስተር ፔምብሪ ሰውዬው ምን እንዳለ ቢጠይቅ ነውር ይሆንበት እንደሆነ ዊዳድን ጠየቃት። ዊዳድ ነገረችው። ሰውዬው በድንጋጤ ኮፍያውን አወለቀ፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ተሻለች ቲኬቱን ወደ መብሻው አስጠጋች። ወልደጻድቅ በሳላት። ቀዳዳዋን በብርሃን አየችና መልሳ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው። ተነሳች፣ ሻንጣዋን አነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ነገ ና» አለችው።

ሕዝቡ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተናደደ፣ ሃዎ «እሰይ!» አለች። ወልደጻድቅ ግን አልሳቀም። ፉርጎው ወደ ቦታው ሲገፋ እሱም ወርዶ ገፋ። ማታ ለመተኛት ሞከረ። ጠዋት ጺሙን ተላጨ፣ ወጣና ዳቦ ገዛ፤ እሷ ዘንድ ባዶ እጁን መሄድ አልፈለገም። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለት ቤት አልፎ በሯን አንኳኳ። ተሻለች ከፈተች።

«ዛሬ ነገ ነው?» አላት።

ዳቦውን ከእጁ ተቀበለችው።

«አዎ» አለች። «ግባ።»